ፎቶ ላይ የሚረጨው ቫርኒሽ

እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ የፎቶ ኢንክጄት ፕሪንተር ከገዙ ሰዎች ብዙዎቹን ግራ ያጋባ ነገር ገጠማቸው። አትመው የሰቀሉት ፎቶ በሳምንታት ውስጥ ወደ ብርቱካንማ ይለወጥ ጀመር። ፀሐይ የማያገኘውም አልተረፈም። ጥፋተኛው አየሩ ነበር፤ በውስጡ ያለው ኦዞን ሳያን የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም እየበላ ቢጫውንና ቀዩን ብቻ ያስቀር ነበር።

ቶሎ የሚደርቅ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ገጹ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀለሙን ወዲያው የሚመጥጡት እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ችግሩ ከደረቀም በኋላ ክፍት ሆነው አየር ማስገባታቸው ነው። የቫርኒሽ ስፕሬይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በማሟሟያ የቀጠነ ጥርት ያለ አክሪሊክ ሲሆን፣ ማሟሟያው ሲተን ስስ ሽፋን ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚቀንስ ነገር የተጨመረበትም አለ። ቢሆንም ቀለም የሚያደበዝዘው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ፣ ስፕሬይ ተረጭቷል ብሎ ፎቶን ፀሐይ ፊት መስቀል አያዋጣም።

ስፕሬይ ከመግዛትዎ በፊት ፕሪንተርዎ የሚጠቀመው ቀለም ዳይ ይሁን ፒግመንት ይጠይቁ። ዳይ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ቀለም ነው፤ አንዲት የውኃ ጠብታ ልታሰራጨው ትችላለች፣ ኦዞንም ይጎዳዋል። ስለዚህ ከስፕሬይ ብዙ የሚጠቀመው እሱ ነው። ፒግመንት ደቃቅ ብናኝ በመሆኑ ውኃንም አየርንም በተሻለ ይቋቋማል፤ ድክመቱ ላይ ላዩን መቀመጡ ነው። በተለይ ከጥጥ በተሠራ ማት (የማያንጸባርቅ) ወረቀት ላይ ጥቁሩ ቦታ በጥፍር ወይም በእጅጌ ሲነካ ይጫራል። ያለ መስታወት ለሚሰቀል እንዲህ ያለ ፎቶ ስፕሬይ እጅግ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ማት ወረቀት ላይ አንጸባራቂ ስፕሬይ መርጨት ግን የወረቀቱን ውበት ማጥፋት ነው። ለእንጨት የተሠራ ላከርም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሊሆን ስለሚችል ለኢንክጄት ፎቶ የተዘጋጀውን ይምረጡ። መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ የሚገባውን ፎቶ ባይረጩት እመርጣለሁ፤ መስታወቱ ሥራውን ይሠራል፣ አንዴ የተረጨ ሽፋን ደግሞ አይነሣም።

ፎቶው ከታተመ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ከዚያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ከሥር የቀረች ቅንጣት ለዘለቄታው እዚያው ትቀራለች። የስፕሬዩ ጭጋግ ለሳንባ አይበጅም፣ እሳትም ይይዛል፤ ስለዚህ መስኮት ይከፈት፣ ለኬሚካል ተን የሚሆን ማስክ ይደረግ፣ ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ጨርሶ አይረጭ። አየሩ እርጥበት ካዘለ ሽፋኑ ነጭ ጉም ይለብሳል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ይታገሡ።

ቆርቆሮውን በደንብ ይወዝውዙት። ከፎቶው 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው ይያዙት። መርጨት የሚጀመረው ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ነው፤ እጅ ሳይቆም ቀጥ ብሎ ይሄድና በሌላው በኩል ካለፈ በኋላ ጣት ይነሣል። መሐል ላይ ከተጀመረ ወይም ከቆመ እዚያው ይከማቻል። ቀጣዩ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። የመጀመሪያው ዙር ከመቅጠኑ የተነሣ ምንም ያልተረጨ ይመስላል፤ በዚህ ጊዜ «ትንሽ ልጨምር» የሚለው ስሜት ብዙ ፎቶ አበላሽቷል። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ወረቀቱን ሩብ ዙር ያዙሩትና ይድገሙ። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ሽፋን ይበቃል።

አዲስ ስፕሬይ ሲሞክሩ የማይፈልጉትን ፎቶ ግማሹን በወረቀት ሸፍነው ይርጩ። ሲደርቅ ሁለቱንም ወገን በእርጥብ ጥጥ ያሹ፤ ጥጡ ላይ የሚቀረው ቀለም ስፕሬዩ ይሥራ አይሥራ ይነግርዎታል። የተረጩ ፎቶዎችን ደግሞ ሽፋኑ በደንብ ሳይጠነክር አይደራርቡ፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ሲላቀቁ ምስሉ አብሮ ይላጣል።