የቡና አተላ ብረትን ከአሲድ ይጠብቃልን?



በረካው ከተጠጣ በኋላ ጀበና ውስጥ የሚቀረውን አተላ ሁላችንም እንደፋዋለን። የብርቱካንና የማንጎ ልጣጭም መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው። ይሁን እንጂ የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የፍራፍሬ ልጣጭን፣ በ2011 ደግሞ የቡና አተላን በውኃ ዘፍዝፈው ሲፈትኑ፣ የወጣው ውኃ አረብ ብረትን ከአሲድ ጉዳት እንደሚከላከል አሳይተዋል። እንዴት?

በቅድሚያ ችግሩን እንመልከት። ፋብሪካዎች ዝገትን ለማስለቀቅ ብረቱን ሃይድሮክሎሪክ ወይም ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነክራሉ። አሲዱ ዝገቱን ያሟሟል። ነገር ግን በዚያ አያበቃም፤ ደኅናውንም ብረት ይበላል፦

ብረት + ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → የብረት ክሎራይድ + ሃይድሮጅን ጋዝ

ይህን ለመቀነስ አሲዱ ላይ ጥቂት ገቺ ንጥረ ነገር ይጨመራል። ከተለመዱት ገቺዎች አንዳንዶቹ መርዛማ በመሆናቸው ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት አዙረዋል።

በአተላውና በልጣጩ ውስጥ ኦክሲጅን ወይም ናይትሮጅን የያዙ ሞለኪውሎች አሉ። እነዚህ ከብረቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። እናቶቻችን ሊጡ እንዳይዝ ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያስሱት ማለት ነው፤ በአሲዱና በብረቱ መካከል ማሰሻ ገባ። በሱዳን ቆዳ የሚለፋበት የሱንጥ ዛፍ ፍሬ፣ ማለትም ጋረድ፣ በውስጡ ብዙ ታኒን አለው። ታኒንም ከብረት ጋር ይያያዛል፤ ሻይ የነካው የብረት ቢላዋ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የገቺው ጉልበት በሚዛን ይለካል። ለምሳሌ ከሁለት እኩል ብረቶች አንዱ በባዶ አሲድ 100 ሚሊግራም ቢያጣ፣ ሌላው ገቺ ባለበት አሲድ 10 ሚሊግራም ብቻ ቢያጣ፣ 90 ሚሊግራም ተረፈ ማለት ነው። ስለዚህ የመከላከል አቅሙ 90 በመቶ ይሆናል።

በቤት የሚሞከር፦ ሁለት ተመሳሳይ ምስማሮች በአሸዋ ወልውሉ። በሁለት ብርጭቆ እኩል የሎሚ ጭማቂ ቅዱ። በአንዱ ላይ የተጠለለ የአተላ ውኃ፣ በሌላው ላይ ያንኑ ያህል ንጹሕ ውኃ ጨምሩ። ምስማሮቹን ነክራችሁ ለሦስት ቀን ቀለሙን፣ አረፋውንና የምስማሩን ገጽ እያያችሁ መዝግቡ። ውኃውን እኩል ያደረግነው ልዩነት ቢታይ ምክንያቱ መቅጠኑ እንዳይሆን ነው። ፈሳሹን ማንም እንዳይጠጣው።

ማሳሰቢያ፦ የባትሪ አሲድ ለዚህ ሙከራ ፈጽሞ አይነካም። በገዳሪፍ ጋራዦች የምትሠሩ ወጣቶችም አሲድ ማቅጠን ካለባችሁ፣ ምንጊዜም አሲዱን ወደ ውኃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ እንጂ ውኃ በአሲድ ላይ አታፍስሱ፤ ይፈናጠራል። ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ቢያንስ 20 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

በመጨረሻም አተላ ቀለምን አይተካም። ሽፋኑ የሚያገለግለው ብረቱ አሲድ ውስጥ ባለበት ጊዜ ነው። መቆፈሪያችሁንና ማጭዳችሁን ከዝገት የሚጠብቀው ከሥራ በኋላ ጠርጎ ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው። የሙከራውን ውጤት፣ ያልተሳካ ቢሆንም እንኳ፣ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ፤ ያልተሳካውም ትምህርት ነውና።