ፕላቲን የነቀርሳ መድኃኒት ሲሆን



ፕላቲን የተባለው ክቡር ማዕድን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በወለጋ፥ ዩብዶ በተባለው ስፍራ ከአፈር እየታጠበ መውጣት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስሙ ሲነሣ የሰው ሐሳብ ወደ ቀለበትና ወደ ገበያ ዋጋ ያዘነብላል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ይኸው ማዕድን በሐኪም እጅ ስለሚፈጽመው ሥራ ነው።

ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ የሚያደርገውን ሲመረምር፥ ባክቴሪያዎቹ እየረዘሙ ሄደው ለሁለት መከፈል እንደ ተሳናቸው ተመለከተ። ምክንያቱም ከፕላቲን ዘንጎቹ እየሟሟ የወጣው ነገር እንጂ ኤሌክትሪኩ አልነበረም። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1965 ለዓለም አስታወቀ። ከዚህ የተገኘው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

አሠራሩን ለመረዳት የድሬዳዋ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከተማይቱ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ሐዲድን ታውቃለችና። በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ፥ በአግድም በተረበረቡ ማያያዣዎች የተጋጠመና እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጥንድ ሐዲድ ይመስላል። ሕዋስ ለመከፈል ሲነሣ ጥንዱ መላቀቅና መገልበጥ አለበት።

ሲስፕላቲን በመካከሉ አንድ የፕላቲን አቶም፥ በዙሪያውም ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን አለው። ደም ጨው የበዛበት ስለ ሆነ ክሎሪኑ በቀላሉ አይለቅም፤ በሕዋስ ውስጥ ግን ጨው ስለሚያንስ ይለቅና ውሃ ይተካዋል። በዚህ ጊዜ ፕላቲኑ ጓኒን የተባሉትን፥ ብዙውን ጊዜም ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን፥ አጥብቆ ይይዛል። ሐዲዱም በዚያ ቦታ ይጎብጣል፤ ጥምዝምዙ ይላላል፤ የማያያዣዎቹም ጥንካሬ ይቀንሳል። አልፎ አልፎም ፕላቲኑ ሁለቱን ሐዲዶች አንድ ላይ ቆልፎ እንዳይላቀቁ ያደርጋቸዋል። ገልባጩም በጎበጠ ሐዲድ ላይ እንደ ደረሰ ባቡር ይቆማል። ሕዋሱ ጉዳቱን መጠገን ካልቻለ ራሱን ያጠፋል።

ነገር ግን መድኃኒቱ የታመመውን ሕዋስ ከጤነኛው ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ኩላሊትን ይጎዳል፥ ያስመልሳል፥ ጆሮንም ሊያደነቁር ይችላል። ለበሽተኛው በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ የሚሰጠው ኩላሊቱን ለመጠበቅ ነው። በየቀጠሮው መካከል ያለው ዕረፍትም ጤነኛው አካል እንዲያገግም ነው፤ ዕረፍቱ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሲረዝም ግን ነቀርሳውም ያገግማል።

ይህ መድኃኒት ለማሕፀን በር ነቀርሳ ከጨረር ሕክምና ጋራ ይሰጣል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይገኝ ስለ ነበር፥ ከድሬዳዋ የምትነሣ እናት 500 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረባት። እንግዲህ አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም፥ «እናቴን ለሁለተኛው፥ ለሦስተኛው ቀጠሮ ላድርስ» የሚል የፈቃድ ማመልከቻ ሲቀርብለት፥ የተጠየቀው የቀን ቊጥር ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ። የታመመውም ሰው የማስመለሱ ጭንቀት ቢያስመርረው፥ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ ቀጠሮውን አይተው። በመንገድ እኩሌታ ላይ የተተወ ሕክምና ለጠላት የተሰጠ ጊዜ ነውና።