ዙግዝዋንግ አይባልም

ቼዝ የሚወድ ሰው ሳይፈልግም ጀርመንኛ ይለቅማል። ካለበት ንቅንቅ ባይል የሚሻለው ተጫዋች ተራው ስለደረሰ ብቻ ተገድዶ ሲንቀሳቀስና በገዛ እጁ ሲበላሽ የሚባል ቃል አለ። እኔ ከመጽሐፍ አይቼው ለዓመታት «ዙግዝዋንግ» እያልኩ በኩራት ሳወራ ኖሬያለሁ።

አምና ክረምት አክስቴ የ9 ዓመት የልጅ ልጇን ይዛ ከፍራንክፈርት መጣች። ልጅቷ ስንጫወት ቆማ ስትሰማ ቆየችና ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ እንደሱ አይባልም!»

በእንግሊዝኛው «ዜድ» የምናነባት ፊደል እነሱ ዘንድ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው ነው የምትነበበው። «ጸ» ለማለት ሞከርኩ፤ ጠነከረብኝ፣ ልጅቷም አልተቀበለችኝም። ቃል መጨረሻ ላይ ያለች «ግ» ደግሞ፣ «ን» ካልቀደማት፣ ብዙ ጊዜ «ክ» ትሆናለች። ስለዚህ «ትሱክትስቫንግ»፤ «ትሱክ» እርምጃ፣ «ትስቫንግ» ግዴታ። ሰዓት አልቆበት የሚዋከብ ተጫዋችም «ትሳይትኖት» ውስጥ ነው፤ ጊዜና ችግር የሚሉት ቃላት ተጋጥመው። ምስኪኗ ቮልስም ለካ አገሯ «ፎልክስቫገን» ናት።

«ቡኽ» (መጽሐፍ) እና «ናኽት» (ሌሊት) ላይ ግን አላሳፈርኩም። ጎረቤቶቻችን ትግርኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ «ከመይ ኣለኻ» እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ያቺ ከጉሮሮ የምትወጣ «ኻ» ሳትሆን አትቀርም ያዳነችኝ። የከበደኝ «ኢኽ» (እኔ) ነው። እዚህ ድምፁ ከጉሮሮ ወደ ፊት ይመጣል፣ በ«ሽ» እና በ«ህ» መሃል። ደጋግሜ «ኢሽ» ስል ልጅቷ ተስፋ ቆረጠች። አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ተዪው! እኛ አካባቢም እኮ ብዙ ሰው ‹ኢሽ› ነው የሚለው» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ፍራንክፈርት ያለችበት የሄሰን አካባቢ ሰዎች አነጋገር እንደዚያ ነው።

በነገራችን ላይ ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን ያሳተመው እዚያው ፍራንክፈርት ነው፣ በ1698 እ.ኤ.አ.። አማርኛን ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እሱም እንደ እኔ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሰማው፤ ልዩነቱ የእኔ መምህር ገና 9 ዓመቷ መሆኑ ነው።

ጀርመን ያላችሁ ወዳጆች፣ አናቷ ላይ ሁለት ነጥብ ያረፈባት «ኦ» እንዴት እንደምትባል በድምፅ ላኩልኝ። መምህሬ ትምህርት ቤት ተከፍቶባት ሳታስረዳኝ ሄዳለች።