ኳስ ከእግር ሲቀድም

በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ፈጣን ማጥቃት የሚባለው ብልኃት፣ ይኸውም ኳሱ በተነጠቀበት ቅጽበት ባላጋራው ተመልሶ ቦታ ቦታውን ሳይዝ ቀለበቱ ሥር መድረስ፣ ለተመልካች የእግር ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ምሥጢሩ ግን ይልቁን በዐይንና በኅሊና ያደረ ነው።

ይህን ጥበብ ካበለጸጉት መምህራን አንዱ ጆን ማክሌንደን፣ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የጨዋታው ፈጣሪ የጀምስ ኔይስሚዝ ደቀ መዝሙር ሳለ፣ ጥቁር በመሆኑ ለትምህርት ቤቱ ቡድን እንዳይሰለፍ የተከለከለ ሰው ነበር። በኋላም በ1944 እ.ኤ.አ. በዱራም ከተማ፣ ነጭና ጥቁር አብረው መጫወት በማይፈቀድላቸው ዘመን፣ አንድ እሑድ ጧት ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ በሩ በተቆለፈ አዳራሽ እርሱ ያሠለጠናቸው ጥቁር ወጣቶች የዱክ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ትምህርት ቤት ቡድን 88 ለ 44 አሸነፉ።

የጨዋታው ሜዳ 28 ሜትር ይረዝማል። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ ጎበዝ 4 ሰከንድ ሲፈጅበት፣ ከደረት ተገፍቶ የተላከ ኳስ በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላልና፣ አሠልጣኝ «አታንጥሩ፣ ተቀባበሉ» ቢል በከንቱ አይደለም።

ፈጣን ማጥቃትን ከሚያስተምሩ ልምምዶች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ሦስት ለሁለት የሚባለውን ነው። ሦስቱ ሲያጠቁ ሁለቱ ፊትና ኋላ ሆነው ይከላከላሉ፤ ፊተኛው ኳስ የያዘውን ያቆማል፣ ኋለኛው ኳሱ ወደ ተላከበት ጎን ይወጣል። ጥቃቱ ሲያበቃ ተከላካዮቹ ወዲያው አጥቂ ሆነው ወደ ሌላው ቀለበት ሲገሠግሡ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ተመልሶ ይጋፈጣቸዋል።

የሰው ዐይን ላየው ነገር እጅና እግር እስኪመልሱ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል፤ የሚመረጠው ነገር በበዛ ቁጥር ደግሞ መዘግየቱ ይጨምራል። ብቸኛው ተከላካይ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ ሲል የሚሸነፈው በዚህች ቅጽበት ነው። ተረከዙ ከመሬት ለቆ ክብደቱ ወደ አንድ እግሩ ካዘነበለ፣ ያንን እግር ሳይተክል መመለስ አይችልም፤ ብልህ አጥቂ ይህን ጠብቆ ኳሱን ወደተተወው ጎን ይልካል። ይህም የአብነት ተማሪ ዜማውን እንደሚቀጽለው ያለ መሰልቸት ካልተደጋገመ በሰውነት አያድርም።

ስለዚህ ልጆችን እስትንፋሳቸው እስኪቆራረጥ እያሯሯጡ ይህን ልምምድ ለቅጣት ማዋል ትልቅ ስሕተት ነው። በጡንቻ ውስጥ ለፈጣን ሩጫ የተከማቸው ኃይል በጥቂት ሰከንዶች ይሟጠጣል፣ ተመልሶ እስኪሞላም ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ የደከመ ልጅ ደግሞ ሮጦ ይደርሳል እንጂ አይቶ አይመርጥም። ተራ ጠባቂዎቹ በሜዳው ዳር ቆመው ይረፉ፤ እያረፉም የተከላካዩን ተረከዝ ይመልከቱ።