ትንንሽ ቃላት የሚለውጧቸው የእንግሊዝኛ ግሦች

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ረዥሙን ቃል ነው። ረዥሙ ቃል ግን መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ፍቺው ይገኛል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ይልቁንስ የሚያስቸግሩት ተማሪው ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የተዋወቃቸው «ጊቭ»፣ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ሉክ» የሚባሉት አጫጭር ግሦች ናቸው። እነዚህ ለየብቻቸው ሲሆኑ ገሮች ናቸው። ከኋላቸው «አፕ» ወይም «ኦፍ» ወይም «አውት» የምትባል ትንሽ ቃል ስትከተል ግን ጠባያቸው ፈጽሞ ይለወጣል። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ መተው ነው።

የቋንቋው ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ግሥ «ፍሬዛል ቨርብ» ይሉታል፤ እኛ ጥምር ግሥ ብንለው ያስኬዳል። ችግሩም የዛሬ ወይም የእኛ ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ስመ ጥሩውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም፣ ለውጭ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሳይሆን እንደማይቀር በመቅድሙ ላይ አመልክቷል።

ነገሩ በፈተና ላይ ነጥብ ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። በሐዋሳ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ወጣት ጸሐፊ አለ እንበል። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ማክሰኞ ሊያደርጉት የነበረው ስብሰባ «ፑት ኦፍ» ሆኗል ብለው በስልክ ይነግሩታል። ወጣቱ «ኦፍ»ን የሚያውቃት ከመብራት ማጥፊያው ላይ ነው፤ ስለዚህ ስብሰባው ጠፋ፣ ማለትም ቀረ ብሎ ይረዳል። ከአለታ ወንዶ የቡና ገበሬዎች ልከውት ለመጣውም ሰው «አባባ፣ ስብሰባው ቀርቷልና ይመለሱ» ይለዋል። ሰውየው ወደ አገሩ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባው ይደረጋል፤ የገበሬዎቹም ጥያቄ የሚያቀርብለት አጥቶ ይቀራል። «ፑት ኦፍ» ቀጠሮን ማራዘም ነው፤ ፈጽሞ መሰረዝ ሲሆን «ኮል ኦፍ» ይባላል። በሁለቱም ውስጥ «ኦፍ» አለች፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የብዙ ሰው ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁለት መቶ ጥምር ግሥ በዝርዝር ጽፎ እንደ ዳዊት መድገም በየተማሪ ቤቱ የተለመደ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ዝርዝር የሚይዘው ቃሉን እንጂ አድራጎቱን አይደለምና። የሚሻለው ግሡን ከዕለት ኑሮ ታሪክ ጋራ ማሰር ነው፤ ሐዋሳም ለዚህ የሚሆን ነገር አታጣም።

ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እንጀምር። ዓሣ አስጋሪው ገና ሳይነጋ ጀልባውን ይዞ ይነሣል፤ ጉዞ መጀመር ነውና «ሴት አውት» ነው። በዳርቻው ላይ አባ ኮዳዎቹ እየተንጎራደዱ ከዓሣው የተረፈ ሆድ ዕቃ ይፈልጋሉ፤ «ሉክ ፎር» ይባላል። ጀልባ እንዲጠብቅ የታዘዘው ልጅ ግን የሚፈልገው ነገር የለውም፤ የእርሱ ሥራ «ሉክ አፍተር» ነው። አሞራውም ልጁም ያያሉ፤ «ሉክ» ማየት ነውና። ዳሩ ግን አንደኛው የሚያየው ሊበላ፣ ሁለተኛው የሚያየው ሊጠብቅ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ሁለቱን ግሦች ዳግመኛ አያምታታም።

ከዚያ ወደ ፒያሳ በባጃጅ እንሂድ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ «ጌት ኢን»፣ ሲወጣ «ጌት አውት» ነው። አውቶቡስና ብስክሌት ሲሆን «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ይሆናል። ባጃጁ በመንገድ ላይ ቀጥ ቢልስ? በአማርኛ «ቆመ» ብለን እናልፋለን። እንግሊዝኛው ግን ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ሞተሩ ተበላሽቶ እንደ ሆነ «ብሬክ ዳውን»፣ ቤንዚኑ አልቆ እንደ ሆነ «ረን አውት» ነው። የቤንዚን ሰልፍ ለሚያውቅ ባለባጃጅ ሁለተኛውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

አማርኛ ተናጋሪም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ ነገር ግን «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ እንዲያውም የመጨረሻው አፉን ዘግቷል። ሲዳሙ አፎም «አለ» በሚለው ግሥ እየተጣመሩ የሚነገሩ እንዲህ ያሉ ቃላት አሉት። የውጭ አገር ሰው «እጅ ሰጠ» የሚለውን ቃል በቃል ቢተረጉመው እጁን ቆርጦ ያስረከበ ሊመስለው ይችላል፤ «ጊቭ አፕ»ም በአንድ ፍቺው ይኸው እጅ መስጠት ነው።

አንድ ስፍራ ላይ ግን አማርኛችን ያሳስተናል። ተደራጊውን በግሡ መጨረሻ ስለምንለጥፍ፣ «አራዘመው» ማለትን የለመደ ተማሪ «ፑት ኦፍ ኢት» ይላል። እንግሊዛዊው ግን «ኢት»ን በመካከል አግብቶ «ፑት ኢት ኦፍ» ነው የሚለው። ታዲያ ሁሉም ግሥ እንዲህ አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። ይህን በሕግ ከማጥናት ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ መስማት ይቀላል። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ስለሚያሳይ፣ በቤተ መጻሕፍት ላገኘው ሰው ጥሩ ረዳት ነው።

ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ነገር እንጨምርለት። ጥምር ግሥ ከጽሑፍ ይልቅ በንግግር ይበዛል። ስለዚህ ስልክ ሲያነሣ «ፑት ኦፍ»፣ «ኮል ኦፍ»፣ ጥያቄ ሳይቀበሉ ሲቀሩም «ተርን ዳውን» ሲባል ይሰማል። መልሱን በደብዳቤ ሲጽፍ ግን «ፖስትፖን»፣ «ካንስል»፣ «ሪጀክት» የሚሉት ይበልጥ ለመሥሪያ ቤት ወግ ይስማማሉ። «ካሪ አውት» ብቻ ሥራን መፈጸም ማለት ነውና በየትኛውም ደብዳቤ ላይ ቢገባ አይነቀፍም።