የልብ ምት ብቻውን አይበቃም

ቢት ሴበር የተባለውን የምናባዊ እውነታ (ቪአር) ጨዋታ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ፦ መነጽሩን አጥልቃችሁ፣ በዘፈኑ ምት እየበረሩ የሚመጡትን ቀይና ሰማያዊ ኩቦች በሁለት ሰይፍ ትቆርጣላችሁ። አምስት የክብደት ደረጃ አለው፤ መራጩ ግን ተጫዋቹ ነው።

ጨዋታው ክብደቱን ራሱ ያስተካክል ስንል ብዙውን ጊዜ የልብ ምትና የስህተት ብዛት እንቆጥራለን። እኔ ይህ ጎዶሎ ይመስለኛል። የሁለት ሰው ልብ እኩል በደቂቃ 150 ይመታል እንበል። አንዷ እልኸኛ ናት፤ ስትሸነፍ «ድገመው!» ትላለች። ሌላው ቶሎ ይጨነቃል፤ ሦስቴ ከሳተ መነጽሩን ያወልቃል። ለእሷ ፍጥነት ጨምሩ። ለእሱ ኩቦቹን ቀንሱና አራርቁለት፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ቀና ብሎ ይድረስባቸው። ላቡ አይቀርም። የነጥብ ሰንጠረዡንም ደብቁለት።

ጠባይን በመጠይቅ መለየት ይቻላል (መጠይቅ ላይ ማን ጀግና ያልሆነ አለ!)። እኔ ግን የማየው ተጫዋቹ ከሽንፈት በኋላ የሚነካውን ቁልፍ ነው፦ «ድገም» ወይስ «ውጣ»?