የተቆረጠው ሽቦ

ከዳሽቦርድ ጋር ተገጥሞ ከፋብሪካ የሚወጣው የናቪጌሽን መሣሪያ ባለቤቱን ማበሳጨቱ የተለመደ ነው። በበርካታ ሞዴሎች መኪናው እየሄደ አድራሻ ማስገባት አይቻልም፤ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው እንኳ ይከለከላል። ስለዚህ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች አንዳንድ ባለቤቶች የመኪናውን ፍጥነት ለመሣሪያው የሚነግረውን ሽቦ ቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ ያስገቡበታል። ሽቦው ሲቋረጥ መሣሪያው መኪናው የቆመ ይመስለውና እገዳውን ያነሳል።

ለመሆኑ ይህ ሽቦ ሌላ ምን ሥራ አለው? የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ቦታውን የሚያሰላው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች በሚደርሰው ሲግናል ነው። ሲግናሉ ዋሻ ውስጥ ሲጠፋ መሣሪያው ከሽቦው የተጓዘውን ርቀት፣ ከጋይሮስኮፕ ደግሞ የዞረበትን አንግል ወስዶ በመጨረሻ በታወቀው ቦታ ላይ ይደምራል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ኤሌክትሮ ጋይሮኬተር ያለ አንድም ሳተላይት ይሠራ የነበረው በዚሁ ስሌት ነው።

እስቲ በኖርዌይ እንዳለው የላርዳል ዋሻ 24.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና ሲግናል የማይገባበት ዋሻ እንውሰድ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ለማለፍ ከ18 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ሽቦው ከተቋረጠ የተቆጠረው ርቀት ዜሮ ነው፤ መኪናው መውጫው ላይ ሲደርስ ካርታው ገና መግቢያው ላይ ያሳየዋል።

እገዳው እንደሚያሰለች አንክድም። ይሁን እንጂ በዚያው ፍጥነት ለ2 ሰከንድ ዓይኑን ስክሪን ላይ ያሳረፈ ሾፌር 44 ሜትር መንገድ ሳያይ ያልፋል። ሽቦ ከመቁረጣችን በፊት የሚሸከመው መረጃ ለስንት ሥራ እንደሚውል እንጠይቅ።